የመጋቢት ውሃ

ጠጋ በሉማ፣ ቡናው እስኪፈላ ላውጋችሁ። የዛሬው ወሬዬ የሲሚንቶና የአሸዋ ነው። «ይኼ ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም፤ በረዶ አገር አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ግን እንዲህ አይልም፣ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። ዓመቱን በፈረንጅ፣ ወሩን በእኛው ነው የምጠራው፤ እንዳትምታቱብኝ።

አገሩ ሚኒሶታ ነው፣ ከተማው ሴንት ፖል። ባልየው የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ ሚስቱ የሌሊት ነርስ ናት። ሲያጠራቅሙ ኖረው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ቤት ገዙ። ከላይ እንጨት ነው፣ ከታች ድንጋይ። ድንጋዩ ከሚሲሲፒ ወንዝ ገደል የተፈነቀለ፣ ፕላትቪል የሚሉት የኖራ ድንጋይ ነው፤ በከተማዪቱ ብዙ አሮጌ ቤት የቆመው በእሱ ላይ ነው። ማያያዣውም ሲሚንቶ ሳይሆን ኖራና አሸዋ ነው።

ሲሚንቶ በዚያ ዘመን ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ግንበኛ «ፖርትላንድ» ብሎ ስም ያወጣለትን ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር ያስመዘገበው በ1824 ነው። በአሜሪካም፣ በኦሃዮዋ ቤልፎንቴን ከተማ፣ ጆርጅ ባርቶሎሚው የሚባል ሰው ገና በ1891 መንገድ በኮንክሪት አንጥፏል። ግንበኛ ግን የለመደውን ቶሎ አይለቅም። ኖራም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ የጎንደርን ግቢ ይኼን ያህል ዘመን ያቆመው ማን ሆነና!

ሴትዮዋ ቤቱን የወደደችው ለምድር ቤቱ፣ ለቤዝመንቱ ስትል ነው። ምጣዷን እዚያ ተከለች፣ የጤፍ ጆንያዋን ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠች፣ ማኅበር ሲደርሳቸው እንግዳውን እዚያ ለማስቀመጥ አሰበች። የበረዶው ወራት በሰላም አለፈ። መጋቢት ገባ፣ ፀሐይ ወጣ ወጣ አለች፣ በረዶው ይቀልጥ ጀመር።

«ከቀለጠ መሬት ይጠጣዋል» ትሉ ይሆናል። አይጠጣውም። ላይ ላዩ ሲቀልጥ ከሥር ያለው አፈር ገና እንደበረደ፣ ገና እንደረጋ ነው። ውሃው ወደ ታች መንገድ ሲያጣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ጎኑ ደግሞ የቤቱ ግድግዳ ነው። አንድ ጠዋት ሴትዮዋ ከሥራ ገብታ ጆንያውን አነሣለሁ ስትል የታችኛው ወገን በስብሶ እጇ ላይ ቀረ። ጤፉ ሻግቷል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ነጭ ነገር ብን ብን ይላል።

ባለሙያ ተጠራ። ስሙን ተዉት፣ ለወሬያችን አይረባም። ሰውየው መብራቱን ግድግዳው ላይ አብርቶ ወዲያው ፈረደ፦ «ይኼ ሁሉ ኖራ አርጅቷል፣ በጥፍር ይፋቃል። ግድግዳውን በሙሉ በጠንካራ ሲሚንቶ እለስነዋለሁ፣ ከላዩ ውሃ የማያሳልፍ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጠብታ አታዩም።» ለሰሚው ደስ ይላል። ገንዘቡ ተከፈለ፣ ልስኑ ተለሰነ፣ ቤዝመንቱ ነጭ ሆኖ አበራ። አንድ ዓመት ጠብታ አላዩም።

በሁለተኛው መጋቢት ልስኑ በገበታ በገበታ ወደቀ። ብቻውን ቢወድቅ ምን ነበረበት! የድንጋዩን ፊት ይዞ ነው የወደቀው።

እዚህ ላይ ሽማግሌው ይገባሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ በግንበኝነት ያደጉ፣ ሚኒሶታ መጥተውም ጡረታ እስኪወጡ ኮንክሪት ሲያፈስሱ የኖሩ። ጉልበታቸው አይታዘዝም፣ ዓይናቸውና አፋቸው ግን ደኅና ነው። ሴትዮዋ ለምና አመጣቻቸው። ደረጃውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱና ከወደቀው ልስን አንድ ቁራሽ አንሥተው ገለበጡት።

«ልጄ፣ ይኼን ማን ሠራው?»

«አንድ ኮንትራክተር ነው፣ ጋሼ። ጠንካራ ነው ብሎን ነበር።»

«ጠንካራማ ነው። ጥፋቱ እሱ አይደል እንዴ!»

ከዚያ ነጩን ብናኝ በጣታቸው ነክተው ውሃ ጠብ አደረጉበት፤ ሟሟና ጠፋ። «ሻጋታ ቢሆን አይሟሟም ነበር። ይኼ ጨው ነው። ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ሲያልፍ ያገኘውን ጨው ይዞ ይመጣል፤ ፊት ላይ ደርሶ እሱ ይተንናል፣ ጨው ይቀራል። ድሮ ግድግዳው በኖራው በኩል ይተነፍስ ነበር፤ ይረጥባል፣ ይደርቃል። እናንተ አፉን ደፈናችሁበት። ውሃው መምጣቱን አልተወም፤ ልስኑ ጀርባ ተጠራቀመ፣ ጨውም እዚያው ረጋ፣ ከመሬት በላይ ያለው ወገን ላይ ደግሞ በረዶ ሆነ። በረዶ ቦታ ይፈልጋል።»

ባልየው ተናደደ። «ታዲያ በምን ይሠራ ነበር?»

«ኖራ በዝቶ፣ ሲሚንቶ አንሶ። ማያያዣው ከድንጋዩ መላም አለበት። ስንጥቅ መምጣቱ ካልቀረ በማያያዣው ይምጣ፤ ማያያዣ ይታደሳል፣ የዚህን ቤት ድንጋይ ከየት ታመጣለህ? እሱ ግን ኋላ ነው። መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡ።»

ወጡ። ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው አሸንዳውን አዩት። ቅጠል ሞልቶበታል፤ መውረጃ ቱቦው ደግሞ ተገንጥሎ ከግድግዳው አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ነው የሚያፈስሰው። አሁን አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,500 ሊትር ውሃ ነው፣ ከ12 በርሜል በላይ። በአንድ ቀን ዝናብ ይኼን ሁሉ በርሜል ከቤትህ መሠረት ሥር ድፋ ቢሉህ እብድ ነህ ወይ ትላለህ፤ የተሰበረ አሸንዳ ያለው ሰው ሁሉ ግን ሲደፋ ነው የሚውለው። አፈሩም ከመቶ ዓመት በላይ ሲረገጥ፣ ሲሰምጥ ኖሮ ወደ ቤቱ አዘንብሏል። የግንባታው ደንብ የሚለው ሌላ ነው፦ ከግድግዳው አንሥቶ እስከ 10 ጫማ ድረስ መሬቱ 6 ኢንች ይውረድ። ሦስት ሜትር ሄዶ 15 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው።

እኔ ይኼን ነገር ካነሣሁ አልጨርስም። ሰው ቤዝመንቱ ሲረጥብ ሺህ በሺህ ይዞ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ይሮጣል። ከሃርድዌር መደብር የሚገዛው የአሸንዳ ማስረዘሚያና አንድ መኪና አፈር ለዓይን አይሞሉም፣ ወዳጅ መጥቶ «የት አለ የሠራችሁት?» ይላል። ግን በአካፋና በመሰላል የሚሠራው ሥራ ሳያልቅ ግድግዳ የሚነካ ባለሙያ ቢመጣብኝ እኔ ከበር እመልሰዋለሁ።

ባልና ሚስት አሸንዳውን ጠረጉ፣ ቱቦውን አራዘሙ፣ አፈሩን ሞልተው ወደ ውጭ አዘነበሉት። ከዚያ በኋላ ነው የድንጋዩ መጋጠሚያ በኖራ የተሞላው። ውሃው አልጠፋም፣ ግን አነሰ። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ብቻ እምቢ አለ፤ እሱን ቆይቼ አመጣዋለሁ።

የፊቱ ደረጃ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረው። የኮንክሪት ደረጃ ነው፣ ከቤቱ በኋላ ማን እንደጨመረው አይታወቅም። በየመጋቢቱ ከፍ ይላል፤ በየበጋው ይወርዳል፤ ግን ወደነበረበት አይመለስም። በመጨረሻ ወደ ቤቱ አዘንብሎ ውሃውን ወደ በሩ ሥር መላክ ጀመረ። ባልየው «ውሃ ሲረጋ ይሰፋ የለ፣ አፈሩ ሰፍቶ ነው የሚያነሣው» አለ። አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚለው፤ የተማረውም ጭምር ብዙ ዘመን እንዲህ ብሏል።

ስቲፈን ቴበር የሚባል የጂኦሎጂ ሰው ነበር፣ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ መምህር። በረዶ እምብዛም በማይታይበት አገር ተቀምጦ ስለ በረዶ የሚመራመር! በ1929 እና በ1930 ያወጣው ሥራ ነገሩን ገለበጠው። አፈሩን በውሃ ፈንታ፣ ሲረጋ በማይሰፋ፣ ይልቁንም በሚኮማተር ፈሳሽ አርሶ አቀዘቀዘው። አፈሩ አሁንም ተነሣ። እንግዲህ የሚያነሣው የውሃው መስፋት ብቻ አይደለም ማለት ነው። የረጋው በረዶ ከሥሩ ካለው እርጥብ አፈር ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ የሳበው ይረጋል፣ ደግሞ ይስባል። እንዲህ እያለ በአፈሩ ውስጥ ንብብር በንብብር በረዶ ይሠራል፤ ቤት ቢጫንበት ቤቱን ያነሣል። ለዚህ ሦስት ነገር መገናኘት አለበት፦ ብርድ፣ ውሃ፣ እና ውሃ የሚስብ ደቃቅ አፈር። አንዱን ካነሣህበት ሁለቱ ምንም አያደርጉም። ብርዱን ማንሣት አትችልም፤ ስለዚህ ወይ ከብርዱ በታች ወርደህ ትመሠርታለህ፣ ወይ ደቃቁን አፈር አውጥተህ ጠጠር ትሞላለህ።

በሴንት ፖል አካባቢ ሕጉ መሠረት 42 ኢንች እንዲወርድ ያዛል፣ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ወደ ሰሜኑ የሚኒሶታ ክፍል ስትወጡ 60 ኢንች ይሆናል። የእነዚህ ደረጃ ሲቆፈር መሠረቱ አንድ ጫማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው ሳቁ፤ «ይኼ ደረጃ መቼ ተመሠረተና፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እንጂ!» ተነቅሎ ወጣ፤ አዲሱ ከብርዱ በታች በወረዱ እግሮች ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ዋናው ቀን እንምጣ። የመኪናው መግቢያ፣ ድራይቭወዩ፣ ፈራርሶ ነበርና በመስከረም አዲስ እንዲፈስስ ተወሰነ። መስከረምን የመረጡት ሽማግሌው ናቸው፤ ሙቀቱ በርዷል፣ በረዶው ገና ነው፣ አዲሱ ኮንክሪትም የመጀመሪያው ጨው ሳይነካው ቢያንስ አንድ ወር በአየር መድረቅ አለበት። አሮጌው ተነሣ፣ ጠጠር ተነጥፎ ተጠቀጠቀ፣ ሳንቃው ተመታ፣ ከቤቱ መሠረት ጋር በሚገናኝበት በኩል ለስላሳ መለያ ገባበት፤ ኮንክሪቱ ሲንቀሳቀስ ቤቱን እንዳይገፋ። ፌሮው ከሥሩ ድጋፍ ተደርጎለት ከመሬት ከፍ አለ። መሬት ላይ ተኝቶ የቀረ ፌሮ የለም ማለት ነው፤ በስንቱ ቤት ገንዘብ ተከፍሎበት እንዲያው ተቀብሮ ቀርቷል!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትልቁ የኮንክሪት መኪና ሆዱን እያሽከረከረ ደረሰ። የሰበካው ወጣቶች ቦቲ አጥልቀው ተሰልፈዋል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውጥተው መጀመሪያ ያዩት ኮንክሪቱን አይደለም፣ ወረቀቱን ነው። ጥንካሬው በካሬ ኢንች 4,500 ፓውንድ፤ ውሃው ከሲሚንቶው ክብደት ከመቶ 45 ያልበለጠ፤ አየር ከመቶ 6። «ይውረድ» አሉ።

ባልየው ከትከሻቸው በላይ አይቶ ነበርና «ጋሼ፣ አየር ምን ያደርጋል? ለአየር ነው እንዴ የምንከፍለው?» አለ።

«ለአየሩ ነው የምትከፍለው።»

ይኼን አየር ላስተዋውቃችሁ። በ1930ዎቹ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር መንገድ የሚሠሩ ሰዎች አንድ የሚገርም ነገር አዩ። የኮንክሪቱ መንገድ በየበረዶው ወራት ፊቱ ይላጣል፣ አንዳንዱ ቦታ ግን አይነካም። ምንድን ነው ቢባል፣ ያልተላጠው የተሠራበት ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ሲፈጭ እንዲለሰልስ የከብት ሞራ ተጨምሮበት ኖሯል። በእኛ አገር የታረደውን ሰንጋ ሞራ ዘርግተው የሚመጣውን ዘመን የሚያነቡ አዋቂዎች ነበሩ፤ አሜሪካኖቹም ለካ ስለ ብርድ የተማሩት ከሞራ ነው! ኮንክሪቱ ሲቦካ ሞራው አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ኮንክሪቱ ውስጥ ይቀራል። በቺካጎ የፖርትላንድ ሲሚንቶ ማኅበር ተመራማሪ የነበረው ትሬቫል ፓወርስ በ1940ዎቹ ነገሩን በሒሳብ አስቀመጠው። ውሃ ሲረጋ ከመቶ 9 እጅ ይሰፋል፤ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ያለው ውሃ ሲረጋ የተረፈውን ይገፋዋል፤ የተገፋው በአቅራቢያው ባዶ ቦታ ካገኘ ይገባበታል፣ ካጣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከየትኛውም ነጥብ ተነሥቶ አረፋው በአንድ አምስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት መገኘት አለበት።

ሽማግሌው ለወጣቶቹ ያስረዱበት አጭር ነው። «የእንጀራ ዓይን አይምሰላችሁ፤ የእንጀራን ዓይን ታዩታላችሁ፣ ይኼን ግን አታዩትም።» ደግሞ አስተውሉ፣ አረፋው ጥንካሬን ይቀንሳል፤ በየአንድ እጁ ከመቶ 5 ያህል። አውቀው ነው የሚቀንሱት። ከ1940ዎቹ በፊት የፈሰሰ የአሮጌ ቤት ደረጃና መግቢያ ፊቱ ተላልጦ ጠጠሩ ፈጥጦ ብታዩ፣ ሠሪው ሰንፎ ላይሆን ይችላል፤ ይኼ አየር ስላልነበረው ነው።

ማፍሰሱ ተጀመረ። ኮንክሪቱ ወፈር ያለ ነው፣ ወጣቶቹ በሬክ ሲጎትቱት ላባቸው ጠብ ይላል። ሾፌሩ ቱቦውን ይዞ በእንግሊዝኛ «ውሃ ልጨምርላችሁ?» አለ። ባልየው አዘነ። «ጋሼ፣ ልጆቹ ደከሙ፤ ትንሽ ጣል ቢደረግበት...»

«ጠብታ ከነካው እኔ ቤቴ እገባለሁ!»

አልነካውም። ውሃ የተጨመረበት ኮንክሪት ለመጎተት ይቀላል፤ ትርፉ ውሃ ግን ሲወጣ መንገድ ትቶ ነው የሚወጣው፣ በዚያው መንገድ ደግሞ ኋላ ሌላ ውሃ ይገባል። በአዲስ አበባም ይኼው ሙግት በየሳይቱ አለ፣ ልዩነቱ የአዲስ አበባ አየር ይቅር ይላል።

ተዘርግቶ በረጅም ሳንቃ ከተስተካከለ በኋላ ፊቱ ላይ ውሃ ብልጭ አለ። ከውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው። አንዱ ወጣት ፍራታዞውን አንሥቶ ሊገባ ሲል ሽማግሌው በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት። «ቁጭ በል። ሻይ ጠጣ።» ውሃው ሳይተን ከታሸ ተመልሶ ፊቱ ውስጥ ይገባል፤ ላይኛው ቅርፊት ይደክማል፣ በሁለተኛው ዓመት ይላጣል። ጠበቁ። ነፋስ ነበር፣ ግን ደመናም ነበርና ረጅም ጠበቁ። ሴትዮዋ ሻይ በዳቦ አወረደች። ብልጭታው ሲጠፋ፣ ጫማ ሲረግጠው ጥቂት ብቻ ሲሰረጉድ፣ በማግኒዥየም ፍራታዞ አንድ ጊዜ አለፉበት። አንዱ በብረቱ ሊያንጸባርቀው አምጥቶ ነበር፤ መለሱት። የብረት ፍራታዞ ውጭ ላይ ያንን የተከፈለበትን አየር ከፊቱ አሽቶ ያወጣል፣ በረዶ ላይም ሰው ይጥላል። በመጥረጊያ ሻከር ተደረገና ተፈጸመ። ውፍረቱ 4 ኢንች ስለሆነ በየ10 ጫማው አንድ ኢንች የጠለቀ መስመር ተቀደደበት። ኮንክሪት መሰንጠቁ አይቀርም፤ የት እንደሚሰነጠቅ ነው የምትመርጥለት።

ከዚያ እርጥብ ጆንያ ለበሰ፣ ከላዩ ፕላስቲክ። እኛ አገር ውሃ ማጠጣት የምንለው ነው። ለሰባት ቀን ሴትዮዋ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ጆንያውን እየነካች ታርሰዋለች። ባልየው መኪናውን መንገድ ላይ እያቆመ አንድ ጊዜ ተቀጣ፤ ቅጣቱን ለሽማግሌው አሳያቸው፣ እሳቸውም አንብበው መለሱለት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ በረዶ ወረደ። ጎረቤቱ ደግ ሰው ነው፤ በማሽኑ የእነሱንም ጠርጎ፣ ከባልዲው ጨው ሊበትንላቸው ሲል ሴትዮዋ በነጠላ ጫማ ሮጣ ወጣች። ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል፣ የቀለጠው ማታ ይረጋል፣ ቀን ይቀልጣል፤ ኮንክሪቱ በአንድ ወር የሚያየውን መርጋትና መቅለጥ በሳምንት ያያል፣ ፊቱም ከውሃ አይለይም። ለመጀመሪያው ዓመት አሸዋ ነው የሚበተነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አሞኒየም ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሰልፌት ያለበት ነው፤ ማዳበሪያ ማለት ነው፣ እሱ በረዶውን ሳይጠብቅ ኮንክሪቱን ራሱን ይበላዋል። ጎረቤቱ ሰምቶ ባልዲውን መለሰ። መኪናው ከአውራ ጎዳናው ተሸክሞት የሚመጣውን ጨው ግን ማን ይከለክለዋል? መኪናው ጋራዥ ፊት ቆሞ ሲያንጠባጥብ ያድራል። እዚያ ቦታ ላይ ጣት የምታህል ክፍል ተላጠች። ሽማግሌው አጎንብሰው አዩዋትና «በደረቁ በጋ ሲሌን ይቀባ» አሉ፤ ወደ ውስጥ ሰርጎ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክል፣ እንፋሎት እንዲወጣ ግን የሚፈቅድ ነው፣ እንደ ቀለም ፊቱን አይዘጋም።

የቀረው የሰሜኑ ግድግዳ ነው። አሸንዳውም ተስተካክሎ፣ አፈሩም ተዘንብሎ፣ በዚያ በኩል ግን ውሃው ከጎረቤት ከፍታ በመሬት ውስጥ ነው የሚመጣው። ከውጭ እስከ መሠረቱ ድረስ መቆፈር አለበት፤ ባለ ቀዳዳ ቱቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሥር ይዘረጋል፣ ጠጠር ይለብሳል፣ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ወገን ይወሰዳል። አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ዙሪያውን ከተራቆተ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላልና በየክፍሉ፣ አንዱ ሳይሞላ ሌላው ሳይከፈት ነው የሚቆፈረው። ይኼ በአካፋ የሚያልቅ አይደለም፣ በሽማግሌ ምርቃትም አይሠራም። ሦስት ዋጋ ተጠየቀ፤ መካከለኛው ተመረጠ፣ ምክንያቱም ርካሹ በአንድ ቀን ሁሉንም እከፍታለሁ ብሏል። የሴትዮዋ ዕቁብ የሚወጣው በሰኔ ነው፤ ቆፋሪውም ለሰኔ ተይዟል።